ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት የማን ነው? ስለ አእምሯዊ ንብረትና ስለ ዲጂታሉ ዘመን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፎቶ የሚያነሱ፣ ሙዚቃ የሚሠሩ፣ የሚጽፉ፣ አፕ የሚያበለጽጉ፣ የሶሻል ሚዲያ ገጽ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ደጋግመው ይጠይቁኛል። አንዱ «ሥራዬን ወሰዱብኝ» ብሎ ይመጣል። ሌላው «ሳላውቅ የሰው ነክቼ ይሆን እንዴ?» ብሎ። የሁለቱም ጭንቀት እውነተኛ ነው። ስለዚህ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ጉዳያችሁ ፍርድ ቤት የሚደርስ ከሆነ ጠበቃ ማማከር አይቀርም።

አእምሯዊ ንብረት ሲባል ምን ማለት ነው?

በዋናነት አራት ነገሮችን ይይዛል። የቅጂ መብት የጻፋችሁትን ጽሑፍ፣ የሣላችሁትን ሥዕል፣ ያነሳችሁትን ፎቶ፣ የደረሳችሁትን ዜማ፣ የጻፋችሁትን ኮድ ይጠብቃል። ፓተንት አዲስ የፈጠራ ሥራን ይጠብቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዓመት። የንግድ ምልክት ስምንና አርማን ይጠብቃል። የንግድ ሚስጥር ደግሞ ሚስጥር ሆኖ እስከቆየ ድረስ ብቻ ይጠበቃል።

ሰዎች ብዙ ጊዜ ያምታቷቸዋል። አንዱ «የድርጅቴን ስም ፓተንት ላስደርግ» ይላል። ስም የንግድ ምልክት ነው እንጂ ፓተንት አይደለም። ሌላው «ሐሳቤን ኮፒራይት ላስደርግ» ይላል። ሐሳብ በቅጂ መብት አይጠበቅም። የሚጠበቀው ሐሳቡ የተገለጸበት መንገድ ነው። ይቺን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ታች ደጋግመን እንፈልጋታለን።

ታዲያ ኢንተርኔት ሕጉን ምኑ ላይ ነው ያስቸገረው?

«ቅጂ» የሚለው ቃል ላይ።

እንግሊዝ በ1710 ሥራ ላይ ያዋለችው የንግሥት አን ሕግ ለደራሲዎች የ14 ዓመት መብት ሰጠ። ደራሲው ከዚያ በኋላ በሕይወት ካለ ሌላ 14 ዓመት ይጨመርለታል። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ለመቅዳት ማተሚያ፣ ወረቀት፣ ሠራተኛና ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ሰርቆ የሚያትመው ሰው ማሽን አለው፣ አድራሻ አለው፤ ይገኛል። አንባቢው ደግሞ ከሕጉ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ገዝቶ ያነባል። ለጓደኛው ያውሳል። ሲፈልግ ይሸጠዋል። በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ቅጂ እንኳ አልተሠራችም።

አሁን ስልካችሁን አስቡ። አንድ ፎቶ ስትከፍቱ ስልኩ ከሰርቨር ቅጂ አምጥቶ ነው የሚያሳያችሁ። ለጓደኛ ስትልኩለት እሱም ጋ አለ፣ እናንተም ጋ አለ። ስልኩ በራሱ ጊዜ ባክአፕ ሲያደርግ ሌላ ቅጂ ተፈጠረ። ማየት ራሱ መቅዳት ሆነ። የማተሚያ ቤት ባለቤትን እንዲቆጣጠር የተጻፈው ሕግ ዛሬ ስልክ የያዘውን ሁሉ ይመለከታል፤ ሰው ግን ይህን የነገረው የለም።

ብዙው ችግር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። መቅዳት አንድ ሰከንድ ይፈጃል፤ ፈቃድ መጠየቅ ግን ባለቤቱን መፈለግ፣ መጻፍ፣ መጠበቅ አለበት። ሕጉ የሚጠይቀውና እጃችን የለመደው ተራራቁ።

ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ ነገር የሕዝብ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ለሕዝብ መታየቱና የሕዝብ ሀብት መሆኑ ለየቅል ናቸው። አንድ ሥራ የሕዝብ ሀብት የሚሆነው የጥበቃ ዘመኑ ሲያልቅ፣ ወይም ባለቤቱ በግልጽ ሲለቀው ነው። የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል ዝቅተኛ አድርጎ ያስቀመጠው ዘመን ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ ብዙ አገሮች ወደ 70 አሳድገውታል። ትናንት የተለጠፈ ጽሑፍ ቢያንስ በልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው ነፃ የሚሆነው።

የባለቤቱን ስም ከጠቀስኩስ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል። መልሱን ረዘም አድርጌ ልስጥ፤ ምክንያቱም ቅን ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

አንድ ፎቶ አንሺ ወዳጅ አለኝ። ሐይቅ ዳር አንዲት ወፍ ክንፏን ዘርግታ ስትነሳ ለመያዝ ሦስት ንጋት ሙሉ ብርድ ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን አገኛት። ፎቶውን ገጹ ላይ ለጠፈው፤ በቀኝ በኩል ከታች ስሙን በትንሽ ነጭ ፊደል ጽፎበታል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አንድ ድርጅት ማስታወቂያ ላይ አየው። ከሥሩ «ፎቶ፦ ከኢንተርኔት» ይላል።

ሁለቱን ምስሎች ስልኩ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። ስሙ የተጻፈበትን ጥግ ለማስቀረት ሲሉ ከታች ቆርጠውታል። አብሮ የወፏ ጅራት ተቆርጧል። ሦስት ንጋት የተጠበቀችው ወፍ ጅራት የሌላት ሆና ዕቃ ታስተዋውቃለች። ደውሎ ሲጠይቃቸው ያገኘው መልስ «ክሬዲት እንሰጥሃለን፣ ምን ችግር አለው?» የሚል ነበር።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ደራሲ ሁለት ዓይነት መብት አለው። አንዱ የሞራል መብት ይባላል፤ ስሙ እንዲጠራና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይቆራረጥ ያስጠብቅለታል። ይህ በ1928 በበርን ስምምነት ውስጥ ገብቷል። ሌላው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ሥራው ይባዛ፣ ይሰራጭ፣ ይለወጥ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ስም መጥቀስ የመጀመሪያውን ያከብራል። ሁለተኛውን አይነካውም። ክሬዲት መስጠት ግዴታ ነው፤ ፈቃድ ግን አይደለም። «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ ከቪዲዮ ሥር መጻፍማ ጭራሽ የራስን ጥፋት ማመን ነው።

10 ሰከንድ ብቻ ብጠቀምስ?

እስከዚህ ሰከንድ ድረስ ነፃ ነው የሚል ሕግ የለም። ከየት እንደመጣ ባላውቅም ሁሉም ሰው ያምነዋል።

ያለው ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚባል መርህ አለ። ዳኛው አራት ነገር ይመዝናል፦ ለምን ዓላማ ተጠቀምክ? የወሰድከው ሥራ ምን ዓይነት ነው? ምን ያህሉን ወሰድክ? የባለቤቱን ገበያ ጎዳህ ወይ? ሌሎች ብዙ አገሮች ደግሞ የተፈቀዱትን ዘርዝረው ያስቀምጣሉ፤ ለትችት መጥቀስ፣ ለዜና፣ ለማስተማር የመሳሰሉት። በሁሉም ዘንድ ግን አንድ ጥያቄ ትልቅ ክብደት አለው። የእናንተ ሥራ ዋናውን ይተካል ወይ?

ፊልም እየተቻችሁ አጭር ቁራጭ ብታሳዩ፣ ስለ ትወናው ወይም ስለ ካሜራው አንድ ነገር ልትሉ ነው። ተመልካቹ ፊልሙን አላየም ገና። የሁለት ሰዓት ፊልም ቆራርጣችሁ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ10 ደቂቃ ብትተርኩት ግን ሌላ ነው። ጃፓን ውስጥ እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎችን የሚሠሩ ሰዎች በ2021 ታሰሩ። በ2022 የቶኪዮ ፍርድ ቤት ከመካከላቸው ሁለቱ ለፊልም ኩባንያዎች 500 ሚሊዮን የን እንዲከፍሉ ወሰነ። «ባጭሩ» የሚሉ ገጾች ያላችሁ ይህን አስቡበት።

የቅጂ መብቴን ማስመዝገብ አለብኝ?

መብቱ ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይወለዳል። የበርን ስምምነት የተፈረመው በ1886 ነው፤ መብቱ ያለ ምዝገባ እንደሚገኝ ደግሞ በ1908 ተደነገገ። ከ180 በላይ አገሮች አባል ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ለአገሬው ሥራ ክስ ከመመሥረት በፊት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። በሌሎች ብዙ አገሮች ምዝገባ ማስረጃን ያጠናክራል እንጂ መብት አይፈጥርም።

ምዝገባ ባይኖርም ማስረጃ ሊኖር ይገባል። ፎቶ አንሺው ወዳጄን ያዳነው ካሜራው ውስጥ ያለው ዋናው ፋይል ነው። የእነሱ ምስል ላይ ጅራት የለም፤ የእሱ ላይ አለ። ከዚያች ፎቶ በፊትና በኋላ በሰከንድ ልዩነት የተነሱ ሌሎች 14 ፎቶዎችም አሉ። ይህን ማንም ሌላ ሰው ሊያመጣ አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር አስቀምጡ፤ ረቂቆችን፣ ያልተጨመቁ ፋይሎችን፣ የሙዚቃ ፕሮጀክቱን ከነ ትራኮቹ፣ የኮድ ታሪኩን፣ የተላላካችሁትን ኢሜይል። ፋይሉ ውስጥ የተደበቀው የባለቤት መረጃ ላይ ብቻ አትተማመኑ። ብዙ የሶሻል ሚዲያ መድረኮች ፎቶ ሲጫን ያንን መረጃ ያጠፉታል።

ሥራዬን ያለ ፈቃዴ ተጠቅመውበት አገኘሁ። ምን ላድርግ?

ከመናደዳችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ። ሙሉ ገጹን፣ ሊንኩን፣ ቀኑን፣ የተመልካቹን ቁጥር ጨምሮ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይጽፍላቸዋል፤ እነሱ ወዲያው ያጠፉታል፤ ከዚያ በኋላ ማስረጃ የለም።

ቀጥሎ ለሰውየው ወይም ለድርጅቱ ጻፉ። በጨዋነት፣ ግን በግልጽ። ሥራው የእኔ ነው፣ ዋናው ይኸው፣ እናንተ የተጠቀማችሁበት ይኸው፣ እንዲነሳ ወይም ክፍያ እንዲፈጸም እፈልጋለሁ፣ እስከዚህ ቀን መልስ እጠብቃለሁ። ስድብ አይግባበት። ነገ ዳኛ ሊያነበው ይችላል። ወዳጄ እንዲህ ጽፎ ነው ክፍያውን ያገኘው፤ ፍርድ ቤት አልደረሰም።

ካልሆነ ወደ መድረኩ ትሄዳላችሁ። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም ሁሉም «ይነሳልኝ» የሚባልበት መንገድ አላቸው። የትልልቆቹ አሠራር በ1998 ከወጣው የአሜሪካ ሕግ የተቀዳ ነው። ጥያቄው ላይ ማንነታችሁን፣ የተወሰደውን ሥራ፣ ትክክለኛውን ሊንክና ፊርማችሁን ትሰጣላችሁ። የገጹን ስም ብቻ መስጠት አይበቃም፤ እያንዳንዱን ልጥፍ በሊንኩ ጥቀሱ። እዚህ ላይ መዋሸት በሕግ ያስጠይቃል። የማትወዱትን ሰው ለማፈን መሣሪያ አታድርጉት።

ሌላኛው ወገን ደግሞ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። ካቀረበና እናንተ ክስ ካልመሠረታችሁ፣ በዚያው ሕግ መሠረት ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ሥራው ተመልሶ ይለጠፋል።

የራሴ ቪዲዮ በስህተት ቢነሳብኝስ?

ይሆናል፤ በጣም ይሆናል። ዩቲዩብ ከ2007 ጀምሮ የሚጠቀምበት የመለያ ሥርዓት የተመዘገቡ ሥራዎችን አሻራ ይዞ ከሚጫነው ሁሉ ጋር ያመሳክራል። ማሽን ነው። ድምፁ መመሳሰሉን ያውቃል፤ ፈቃድ መግዛታችሁን ወይም እየተቻችሁ መሆኑን አያውቅም።

ሰውም ይሳሳታል። በ2007 አንዲት እናት ትንሽ ልጇ ኩሽና ውስጥ ሲደንስ ቀርጻ ለጠፈች። ቪዲዮው 29 ሰከንድ ነው። ከበስተጀርባ ሙዚቃ ይሰማል። የሙዚቃ ኩባንያው አስነሳው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ አስፈላጊ ነገር ተናገረ፤ ይነሳልኝ ከማለት በፊት አጠቃቀሙ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ ማሰብ ግዴታ ነው። ለ29 ሰከንድ የልጅ ዳንስ ይህ ሁሉ ዓመት መሟገቷን ሳስብ ሴትዮዋን አከብራታለሁ።

እናንተ የሙዚቃ ፈቃድ ስትገዙ ደረሰኙን አስቀምጡ። ጥያቄ ሲነሳባችሁ በመቃወሚያው ላይ አያይዙት። ማሽኑ ያነሳው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማስታወቂያ ገቢውን ነው የሚወስደው። «ስትራይክ» የሚባለው የቅጂ መብት ጥሰት ማስጠንቀቂያ ግን ከባድ ነው። ዩቲዩብ ላይ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ይዘጋል።

መድረኮቹ ራሳቸው ለምን አይጠየቁም?

የ1998ቱ ሕግ ከለላ ስለሰጣቸው ነው። ተጠቃሚ ለጫነው ነገር መድረኩ አይጠየቅም፤ ሲነገረው ግን ቶሎ ማንሳት አለበት። ከለላው ገደብ አለው። ናፕስተር በ1999 ተነስቶ ሰው ሙዚቃ እንዲቀያየር አደረገ፤ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ፤ የሚሆነውን እያወቀ ረድቷል ተብሎ። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ ጠንከር ብሎ መጣ፤ ትልልቅ መድረኮች ከባለመብቶች ፈቃድ ለማግኘት መጣር አለባቸው፤ አለበለዚያ ራሳቸው ይጠየቃሉ።

እኔ በግሌ የአውሮፓው ሐሳብ ይሻላል እላለሁ። በአሜሪካው አሠራር አንድ ሰው በየቀኑ የራሱን ሥራ ፍለጋ ሲዞር ይውላል። ትልቅ ኩባንያ ይህን የሚሠራ ሠራተኛ ይቀጥራል። ብቻውን የሚሠራ ሙዚቀኛ ማንን ይቅጠር? በሌላ በኩል ማጣሪያው ሲጠብቅ ንጹሕ ሰው አብሮ ይታፈናል። ይህ ስጋት መሠረት የለውም አልልም።

ሊንክ ማጋራትስ?

በጥቅሉ ችግር የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 ለሁሉም ክፍት ወደሆነ ገጽ ሊንክ ማድረግ ፈቃድ አይጠይቅም ብሏል። በ2016 ግን ጨመረበት፤ የተሰረቀ ሥራ መሆኑን እያወቁ፣ በተለይ ገንዘብ ለማግኘት ሊንኩን ማሰራጨት ያስጠይቃል። ቀድቶ ከመለጠፍ ሊንኩን መስጠት ሁልጊዜ ይሻላል።

ዲጂታል መጽሐፍ ገዛሁ። የኔ ነው?

«ግዛ» የሚለውን ተጫናችሁ። ያገኛችሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ የማንበብ ፈቃድ ነው። የወረቀቱን መጽሐፍ ብትሸጡት ማንም አይናገራችሁም፤ ባለመብቱ አንድ ጊዜ ስለሸጠው በዚያች ቅጂ ላይ ያለው የማከፋፈል መብት አልቋል። ዲጂታሉን ለመሸጥ ግን መቅዳት አለባችሁ። የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 ያገለገለ የሙዚቃ ፋይል መሸጥ አይቻልም አለ። የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ2019 ስለ ዲጂታል መጽሐፍ ተመሳሳይ ነገር ወሰነ፤ ምንም እንኳ በ2012 ያገለገለ የሶፍትዌር ፈቃድ መሸጥን ፈቅዶ የነበረ ቢሆንም።

በ2009 አማዞን የመብት ችግር የነበረባቸውን መጻሕፍት ከደንበኞቹ የንባብ መሣሪያ ላይ በርቀት አጠፋ። ሰዎች ገዝተዋቸው ነበር። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን አንድ ሰው ማስታወሻ የጻፈበት መጽሐፍ ከመደርደሪያው ላይ ሌሊት ሲጠፋበት ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ኤንኤፍቲ (የዲጂታል ሥራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተብሎ የሚሸጥ ምልክት) የገዛ ሰው የቅጂ መብቱንም ይገዛል?

በግልጽ ካልተጻፈ አይገዛም። የሚገዛው መዝገብ ላይ ያለ ምልክት ነው። ዕቃውን በእጅ ማስገባት እንኳ መብቱን አይሰጥም። በ2021 የተወሰኑ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ሳይሠራ የቀረ ፊልም የተነደፈበትን ብርቅ መጽሐፍ በ2.66 ሚሊዮን ዩሮ በጨረታ ገዙ። ለሕዝብ እናሰራጨዋለን፣ በመነሻነት አኒሜሽን እንሠራለን አሉ። እጃቸው የገባው ግን አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የሠራልኝ ምስል የማን ነው?

እስካሁን ያለው አዝማሚያ የቅጂ መብት የሰው እጅ ይፈልጋል የሚል ነው። ከዚህ በፊት የመጣ አንድ ነገር አለ። በ2011 ኢንዶኔዥያ ውስጥ አንድ ጦጣ በፎቶ አንሺ ካሜራ ራሱን አነሳ። ፎቶው ዓለምን ዞረ። በ2018 የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት እንስሳ በቅጂ መብት ሕግ መክሰስ አይችልም አለ። ማሽንም ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ መጣ።

በየካቲት 2023 የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ አንድ በምስል የተሠራ ታሪክ መጽሐፍን መረመረ። ጽሑፉንና የምስሎቹን አደራደር ሰው ስለሠራው ጠበቀው። በኤአይ የተሠሩትን ምስሎች ግን አልጠበቃቸውም። በመጋቢት 2025 የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት ማሽን ብቻውን ደራሲ ተብሎ ሊመዘገብ አይችልም ብሎ ፈረደ። የቤይጂንግ ኢንተርኔት ፍርድ ቤት ደግሞ በኅዳር 2023 በተቃራኒው ሄዷል፤ ሰውየው ትእዛዞቹን እየመረጠና እያስተካከለ በቂ ሥራ ሠርቷልና ምስሉ የእሱ ነው አለ። እንግሊዝ ከ1988 ጀምሮ ሕጓ ውስጥ ኮምፒውተር ለሠራው ሥራ ደራሲው ዝግጅቱን ያደራጀው ሰው ነው የሚል አንቀጽ አላት። አገሮች አልተስማሙም።

ለሥራችሁ አርማ ለማሠራት ካሰባችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማሽን ብቻ የሠራውን ሥዕል ሌላው ቢወስደው በቅጂ መብት ልታስቆሙት የማትችሉበት ዕድል ሰፊ ነው። በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ ግን ሌላ መንገድ ነው። የራሳችሁን እጅ አስገቡበት፤ ያስገባችሁበትንም ደረጃ በደረጃ አስቀምጡ።

ኤአይ ኩባንያዎች ሥራዬን ማሠልጠኛ አድርገውት ከሆነስ?

እዚህ ላይ ዓለም ገና እየተሟገተ ነው። ጃፓን በ2018 ባሻሻለችው ሕግ ለመረጃ ትንተና መቅዳትን ሰፋ አድርጋ ፈቅዳለች። የአውሮፓ ኅብረት ለንግድ ዓላማም ፈቅዷል፤ ባለመብቱ «የእኔን አትንኩ» ብሎ በማሽን በሚነበብ መንገድ ካላስታወቀ። በተጨማሪ በ2024 የወጣው የኤአይ ሕጉ ሞዴል ሠሪዎች በምን እንዳሠለጠኑ ማጠቃለያ እንዲያወጡ ያስገድዳል።

አሜሪካ ውስጥ ክሱ ብዙ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ በታኅሣሥ 2023 ኦፕንኤአይንና ማይክሮሶፍትን ከሰሰ። በሰኔ 2025 አንድ ዳኛ በኤአይ ኩባንያው በአንትሮፒክ ጉዳይ ላይ ማሠልጠኑ ራሱ ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው አሉ፤ ከተሰረቁ ማከማቻዎች መጻሕፍት አውርዶ ማስቀመጥ ግን አይደለም አሉ። ኩባንያው በኋላ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ፤ በመጽሐፍ ወደ 3,000 ዶላር ገደማ ማለት ነው። የአንትሮፒኩ ውሳኔ በወጣበት በዚያው የሰኔ ሳምንት ሌላ ዳኛ ለፌስቡክ ባለቤት ለሜታ ፈረዱ። ግን የሜታ ሥራ ሕጋዊ ነው አላሉም፤ ከሳሾቹ ገበያቸው መጎዳቱን በሚገባ አላስረዱም ነው ያሉት።

ሠዓሊዎች ግን ሌላ ነገር ነው የሚያማቸው። «ሥዕሌን አልቀዱም፤ አሣሣሌን ቀዱ» ይላሉ። ያቺ መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ልዩነት እዚህ ጋ መራራ ትሆናለች። የአሣሣል ስልት እንደ ሐሳብ ነው፤ አይጠበቅም። ሕጉ ይህን ያደረገው ሰው ከሰው እንዲማር ነው። ወጣቱ ሠዓሊ የአዛውንቱን ስልት ዓመታት ፈጅቶ ይለምዳል፤ ሲለምድም የራሱን ይጨምርበታል። ማሽኑ በአንድ ሌሊት ሺህ ሲያወጣ ያው ምክንያት ይሠራል ወይ? እኔ አይሠራም ባይ ነኝ። ሕጉ ግን ገና አልመለሰውም።

ድምፄን ወይም ፊቴን ቢያስመስሉስ?

የተቀዳ ድምፅ ይጠበቃል። ድምፃችሁ ራሱ፣ ማለትም ቃናው፣ በቅጂ መብት አይጠበቅም። ስለዚህ አገሮች በሌላ በር እየገቡ ነው፤ በግል ሕይወትና በገጽታ መብት። የአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት በ2024 የሰውን ድምፅ በኤአይ ከማስመሰል የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። መድረኮችም ለዚህ የተለየ ማመልከቻ ጀምረዋል። ማጭበርበር ካለበት ደግሞ ጉዳዩ የፖሊስ ነው።

የድርጅቴን ስም ሌላ ሰው በድረ ገጽ አድራሻነት ያዘብኝ።

ከ1999 ጀምሮ ለዚህ ዓለም አቀፍ የግልግል ሥርዓት አለ። ብዙውን ጉዳይ የሚያየው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ነው። ሦስት ነገር ማስረዳት አለባችሁ፦ አድራሻው ከንግድ ምልክታችሁ ጋር መምሰሉን፣ ሰውየው በስሙ ላይ መብት እንደሌለው፣ በክፉ ልብ አስመዝግቦ እየተጠቀመበት መሆኑን። ብታሸንፉ አድራሻው ይመለስላችኋል ወይም ይሰረዛል። ካሳ አይገኝበትም።

«ነፃ» የተባለ ሶፍትዌርና ፎቶ እንደፈለግኩ ልጠቀም?

ነፃ ማለት ያለ ቅድመ ሁኔታ ማለት አይደለም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት በ2002 ያወጣቸው ፈቃዶች እያንዳንዳቸው ቃል አላቸው። አንዱ ስም ጥቀሱ ይላል። ሌላው ለንግድ አታውሉት ይላል። ሌላው አትለውጡት፣ ሌላው ደግሞ ከለወጣችሁት በዚሁ ፈቃድ ልቀቁት ይላል። ሶፍትዌር ላይም ከ1989 ጀምሮ ያለው የጂፒኤል ፈቃድ ፕሮግራሙን ለውጣችሁ ካሰራጫችሁ ኮዱን እንድትከፍቱ ያስገድዳል። ዳውንሎድ ከማድረጋችሁ በፊት ፈቃዱን አንብቡ። ያነበባችሁበትን ቀን ይዛችሁ ስክሪንሾት አስቀምጡ፤ ባለቤቱ በኋላ ሊቀይረው ይችላል።

እኔ አንድ አገር፣ የቀዳው ሌላ አገር። የትኛው ሕግ ይሠራል?

በመርህ ደረጃ ጥበቃ የሚጠየቅበት አገር ሕግ። በበርን ስምምነት መሠረት አባል አገር ለውጭ ሰው የራሱን ዜጋ ያህል ጥበቃ ይሰጣል። በተግባር ግን ሩቅ አገር ጠበቃ መቅጠር ከሥራው ዋጋ ይበልጣል። ለዚህ ነው የመድረኮቹ «ይነሳልኝ» መንገድ፣ ድክመቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለትንሽ ሠሪ ቅርብ መሣሪያ የሆነው። ፓተንትና ንግድ ምልክት ግን በየአገሩ ነው የሚመዘገቡት።

እሺ፣ ፈቃድ እንዴት ነው የምጠይቀው?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል። ከባድ አይደለም። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በገጽዎ ላይ ያለውን ይህን ፎቶ (ሊንኩ ይኸው) በጣም ወድጄዋለሁ። ስለ ወፎች በምጽፈው ጽሑፍ ላይ ልጠቀምበት እፈልጋለሁ። ጽሑፉ የሚወጣው በዚህ ገጽ ላይ ነው፤ ገቢ የለውም። ስምዎንና ሊንክዎን ከፎቶው ሥር አደርጋለሁ፤ ፎቶውን አልቆርጠውም። ክፍያ ካለው ይንገሩኝ። ካልፈቀዱም አይቸገሩ፤ ሌላ እፈልጋለሁ።»

ምን፣ የት፣ ለምን፣ በገንዘብ ነው ወይስ በነፃ። ይኸው ነው። መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ ከተፈቀደላችሁም «እንደተነጋገርነው» ብላችሁ መልእክት ላኩና አስቀምጡት። ወዳጄ እንዲህ ጽፎ ለጠየቀው ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣል። መልስ ካልመጣ ግን አልተፈቀደላችሁም፤ ሌላ ፎቶ ፈልጉ።